የማርቆስ እናት ጓሮ

ባለፈው ሳምንት ሶዶ ውስጥ አንድ አዳራሽ ተጠርቼ ነበር፤ ስብሰባው ስለ ባህላዊ ምግቦቻችንና ስለ ጤናችን ነው። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥሪ አይቀርብኝም። «የአገር ሽማግሌ» እንዳይሉኝ ሴት ሆንኩባቸው፣ «ወጣት» እንዳይሉኝ ፀጉሬ ነጣባቸው፣ ስለዚህ «የማኅበረሰብ ተወካይ» ብለው የፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡኛል። ትምህርቱን የምታቀርበው ልጅ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፤ ቀልጣፋ ናት፣ ደግሞም ሰው ታከብራለች። ግድግዳው ላይ ቦዬውን፣ ጎዳሬውን፣ ሽፈራውን በየተራ አሳየችንና እንሰት ላይ ስትደርስ ቆመች። ሥዕሉ ግድግዳውን ሞልቶታል፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ ግንዱ ወፍራም፣ የደረሰ እንሰት። ከዚያ ዞር ብላ፣ «እናቶቻችን ይህን የመሰለ ሀብት በደጃቸው እያለ ለምን ተዉት? የግንዛቤ ችግር ነው?» አለች።

ግንዛቤ የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ቆሽቴ ያርራል። አጠገቤ የተቀመጠው የጤና ጣቢያ ሠራተኛ በክርኑ ነካ አድርጎኝ፣ «እትዬ አስቴር፣ እርስዎ መልስ አያጡም፤ ይናገሩ እንጂ» አለኝ። ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩት። ምሳ ላይ ለሁላችንም መኮሮኒ ቀረበ። እኔም በላሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ጉሮሮዬን አላመመኝም ነበር። መልሱ ግን እጅ አውጥተው በሁለት ደቂቃ የሚናገሩት ዓይነት አይደለም። እነሆ እዚህ ልጻፈው፤ እዚህ ሰዓት የሚቆጥርብኝ የለም።

የተወለድኩት ከበሌ ከተማ ወዲያ፣ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ቤቶቻችን ፊት ለፊት መስክ አላቸው፤ ከጀርባ ግን ሁሉም እንሰት ነው። የእኛ ቤት በጓሮ በኩል ከሚያልፈው መንገድ ሲታይ የሳር ክዳኑ ጫፍ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ሌላውን እንሰቱ ውጦታል። ወንድ በከብቱ ይኩራራ እንጂ ሴት የምትለካው በጓሮዋ ነው። እናቴ በየማለዳው የከብቱን እበት በቅርጫት ተሸክማ ለእያንዳንዱ እንሰት ታድላለች፤ ለአንዱ ብዙ ከሰጠች ለሌላው «ቆይ፣ ነገ ያንተ ተራ ነው» ትላለች። እንሰት ተክለውት በዓመቱ የሚበላ ነገር አይደለም፤ አምስት ስድስት ዓመት ይፈልጋል። እናቴ እኔ ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ የተከለቻቸው ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ገና መድረሳቸው ነበር። በቆሎ ሲያልቅ ያልቃል፤ እንሰት ግን ቆሞ ይጠብቃል። መጋቢትና ሚያዝያ ዝናብ ሲቀርና የሰው ጎተራ ባዶ ሲሆን፣ እናቴ ቢላዋዋን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች፤ እኛ ልጆቿ ያኔ እፎይ እንላለን። የዚያን ዕለት አምቾውን፣ ማለት ሥሩን፣ ቀቅላ ከዳጣ ጋር ታበላናለች። በርበሬው ዓይናችንን እያስለቀሰ እንስቃለን። ከግንዱ የሚፋቀው ቆጮ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ቦክቶ ለወራት ያኖረናል።

አባቴ አዋሽ ሸንኮራ ቆረጣ ይሠራ ስለነበር የሚመጣው ለጊፋታ ብቻ ነው። ጊፋታ በመስከረም የሚውለው የወላይታ አዲስ ዓመታችን ነው፤ ያለ ሙቹዋ ደግሞ አይከበርም። ሙቹዋ ከእንሰት ተዘጋጅቶ በቅቤ የሚታሽ ምግብ ነው። የበላው ያውቀዋል፤ ላልበላው ማስረዳት ትርፉ ድካም ነው።

አሥረኛ ክፍል ሆኜ ሶዶ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ነበር የምማረው። ትምህርት ተዘጋና በሐምሌ ወደ ቤት ስመለስ፣ በሌ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ አክስቴ ቤት አደርኩ። ዝናቡ አያባራም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ጠዋት ወደ አክስቴ ጓሮ ስወጣ ስምንት ዘጠኝ ሴቶች እንሰት ይፍቃሉ። በሐምሌ እንዲያ በብዛት አይፋቅም። «ምን ቸኮላችሁ?» ብዬ ብጠይቅ አክስቴ፣ «ቅጠሉ እየጠወለገብን ነው፤ ጨርሶ ሳይበሰብስ የተረፈውን እንብላ ብለን ነው» አለች። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ አብሬ ስፍቅ ዋልኩ። በማግስቱ ልሄድ ስነሣ አክስቴ የቆረጠችበትን ቢላዋ በጨርቅ ጠርጋ ሰጠችኝ። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ፣ እጀታው የወይራ፣ ጢም የሚላጭ ቢላዋ ነው። «ለእናትሽ ስጫት። እኔ ከእንግዲህ ምን እቆርጥበታለሁ?» አለችኝ። ደስታዬ! ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ ጭቃ ውስጥ ቢላዋውን እንደ ሕፃን አቅፌ ሄድኩ።

እናቴም ስታየው ፊቷ በራ። እሷ ነገር መደበቅ አይሆንላት፤ በሳምንቱ የቢላዋው ወሬ በሰፈሩ ተዳረሰ። በነሐሴ ሴቶቻችን ለጊፋታ የሚሆነውን ቆጮ ተሰብስበው ነው የሚፍቁት፤ ዛሬ ከአንዷ ጓሮ፣ ነገ ከሌላዋ። በዚያ ዓመት የእናቴ ቢላዋ ያልገባበት ጓሮ አልነበረም። «የአስቴር እናት፣ እስቲ ያቺን ምላጭሽን» ትላለች አንዷ፤ እናቴም «ውሰጂ፣ ምን ይጎድልብኛል» ብላ ታቀብላለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ።

ከአንድ ቤት በቀር። እሱም ከእኛ ቤት ሦስተኛው፣ የማርቆስ እናት ቤት ነው። የማርቆስ እናት ባሏ የሞተባት፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሴት ነበረች። አንድ ጊዜ ጥጃዋ አጥር ጥሶ የእናቴን ችግኝ በላ። እናቴ ተናዳ፣ «ሰውን ያላሳደገች ጥጃ ታሳድጋለች እንዴ!» አለቻት። ሴትየዋ ሦስት ልጅ ወልዳ ሁለቱን ቀብራለች። እናቴ ቃሉ ከአፏ እንደወጣ ነው የተጸጸተችው፤ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከዚያ ወዲያ አይነጋገሩም፤ አንዷ ባለችበት ፍቂያ ሌላዋ አትገኝም። ሌሎቹም ሴቶች ከእናቴ ጋር ወገኑ። የማርቆስ እናት ያን ዓመትም ከልጇ ጋር ብቻዋን፣ በራሷ አሮጌ ቢላዋ ፋቀች።

በጥር የትምህርት ዕረፍት ቤት ስመጣ እናቴ ጓሮ ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ «እስቲ ነይ፣ ይህን እዪ» አለችኝ። ከደረሱት እንሰቶች የአንዱ የመሃል ቅጠል ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ግንዱን ስትቆርጠው ልጋግ የመሰለ ቢጫ ነገር ጠብ ጠብ አለ፤ ሽታው ደስ አይልም። የአክስቴ ጓሮ ትዝ አለኝ፤ ግን ያኔ ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አላወቅሁም። «ፀሐዩ ይሆናል» አልኳት። እናቴም «ይሆናል» አለች።

ወሬውን የሰሙ ሴቶች እንደ ወጋችን ደረሱላት። ሳይበሰብስ እንዲተርፍላት በሁለት ቀን ሃያ እንሰት ፋቁላት። ከዚያ ወደ የቤታቸው ሄደው ያንኑ ቢላዋቸውን ለራሳቸው እንሰት አነሡ። በሚያዝያ የአራት ቤት ጓሮ ጠወለገ፤ ለእያንዳንዱም ሴቶቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ እየዘመሩ ይፍቃሉ፣ እየጸለዩ ይለያያሉ። ባዘኑላት ቁጥር ባሰባት ማለት ይኸው ነው። በሰኔ ትምህርት ጨርሼ ስመለስ ቤታችን ከመንገዱ ላይ ሙሉ በሙሉ ይታይ ነበር። በዚያ ሁሉ ዕድሜዬ የቤታችንን የጀርባ ግድግዳ ያየሁት ያን ቀን ነው። ማልቀስ አማረኝ፤ እናቴ ግን ፊት ለፊቴ ቆማ ስለነበር አላለቀስኩም።

ከሰፈሩ ሁሉ አረንጓዴ የቀረው አንድ ጓሮ ነው፤ የማርቆስ እናት ጓሮ። ሰው ደግሞ ዝም አይል። «የሁላችንም ሞቶ የእሷ ለምን ቆመ?» ተባለ። አንዷ ዓይን ነው አለች፣ አንዷ መድኃኒት ቀብራ ነው አለች፤ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ «አሜን» የሚሉት ሴቶች ናቸው እንግዲህ። የውሃ መንገድ ላይ ይሸሿት ጀመር። እናቴ በግልጽ ምንም አትልም፤ ግን ሌሎች ሲሉ «ተዉ» አላለችም። እኔም ያን ጊዜ አምኜ ነበር ብል ነው እውነቱ።

በሐምሌ መጀመሪያ ከሶዶ የግብርና ባለሙያ መጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የከተማ ልጅ ነው፣ አያቶቹ ከሰሜን የመጡ፣ ወላይትኛ የማይሰማ፤ ጫማው እስከ ጉልበቱ። ከተሰበሰበው ሰው ሁለቱን ቋንቋ አቀላጥፋ የምትችል እኔ ስለሆንኩ አስተርጓሚ ተደረግሁ። በዕድሜዬ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ቆመን እሱ ይናገራል፣ እኔ እተረጉማለሁ። በሽታው በዓይን እንደማይታይ ነገረን፤ ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚያሻግረው ደግሞ ቢላዋ ነው አለ። ቢላዋችሁን በእሳት ለብልቡ፣ የታመመውን ነቅላችሁ ቅበሩ፣ አትዋዋሱ አለ። መድኃኒት የለውም አለ። በመጨረሻ ወደ ማርቆስ እናት ጓሮ በጣቱ እያሳየ፣ «ይህን ጓሮ ጠብቁት። ማንም በቢላዋ እንዳይገባበት። መሬታችሁ ሲያገግም የሁላችሁም ችግኝ የሚወጣው ከዚህ ነው» አለ።

ይህን ሁሉ ቃል በቃል ተረጎምኩ። አንድ ነገር ግን አለ፤ ባለሙያው፣ «አምና ከሌላ ቦታ ቢላዋ ያመጣ ሰው አለ? ጠይቂልኝ» ብሎኝ ነበር። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። ሐምሌ፣ ጭቃው፣ አክስቴ፣ ያ ስለት። «የለም ይላሉ» አልኩት፣ ማንንም ሳልጠይቅ።

ሴቶቹ አላመኑትም። «በዓይን ካልታየ እሱ በምን አየው?» አለች አንዷ። «ቢላዋዬን በየቀኑ አጥባለሁ» አለች ሌላዋ። የማርቆስ እናት ከሰው ራቅ ብላ፣ አጥሩ ሥር ተቀምጣ ነበር።

አሁን ወደ ነሐሴው ነገር ልምጣ። በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ ወደ ጊፋታ መሻገር ነውር ነው፤ የተጣላ ሁሉ ቀድሞ ይታረቃል። ጋሽ ጦና የሚባሉ የሰፈራችን ሽማግሌ እናቴንና የማርቆስን እናት ለማስታረቅ ሦስት ዓመት ለፍተዋል። በዚያ ነሐሴ፣ መከራ ያለዘበው ልብ ነውና፣ ተሳካላቸው። ዋርካው ሥር ተቀመጥን። እናቴ ተነሥታ፣ «የማርቆስ እናት፣ ያን ቀን የተናገርኩትን እኔ ራሴ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ይቅር በይኝ» ብላ እግሯ ላይ ወደቀች። የማርቆስ እናት አነሣቻት። አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲያለቅሱ ወንዶቹም ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከዚያ የማርቆስ እናት ወደ ሁላችንም ዞራ፣ «ለጊፋታ ሙቹዋ ሳይቀምስ የሚውል ልጅ አይኑር። ጓሮዬ አለ። ነገ ጠዋት ሁላችሁም ኑ፤ ቆጮው ለበዓሉ ይድረስ» አለች። እናቴን ደግሞ እጇን ይዛ፣ «መጀመሪያ የምትቆርጪው አንቺ ነሽ» አለቻት። ከዚህ የበለጠ ክብር የለም። የተጣላሽው ሰው እንሰቱን ቆርጠሽ እንድትጀምሪለት ከጠራሽ፣ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሰው ሁሉ እልል ሲል እኔ የባለሙያውን ቃል አስብ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴን ለመንኳት። «እማዬ፣ ባለሙያው ያለውን ሰምተሻል። የቀረን ያ ጓሮ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ልቅር?» አለችኝ። «ሦስት ዓመት ያልረገጥኩትን ደጅ ነይ ብላ ስትጠራኝ ልቅር?»

«አትቅሪ። ቢላዋ ሳትይዢ ሂጂ።»

«ባዶ እጇን ለፍቂያ የምትሄድ ሴት የት አየሽ? ለመብላት ብቻ መጣች ይሉኛል።»

«በእሷ ቢላዋ ቁረጪ።»

«አስቴር፣» አለችኝ ቆም ብላ፣ «እጅሽን አላምነውም ያላለችኝን ሴት፣ እኔ ነኝ እጄን አትመኚው የምላት?»

ቢላዋውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በሽታው ያለው እዚያ ላይ ነው፣ ብያት ቢሆንስ? አላልኩም። ምን እንደያዘኝ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። ፈራሁ፤ ሌላ የሚያምር ስም የለውም። የዚያ ሁሉ ሰው ጓሮ የሞተው በእኔ ስጦታ ነው ብላ እናቴ ስታውቅ የሚኖረውን ፊቷን ፈራሁ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሥቼ ቢላዋውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ባለሙያው ለብልቡት ብሎ የለ? ጥቂት እንደቆየ እናቴ ደርሳ ከእሳቱ መነጨቀችው። «አበድሽ? እሳት የገባ ቢላዋ ስለት አይዝም! የአክስትሽን ስጦታ ልታረግቢብኝ ነው?» ብላ ውሃ ደፋችበት፤ ቸስ አለ። በቂ ጊዜ እሳቱ ውስጥ ቆይቶ ይሆን? አላውቅም። ቆይቷል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ምናልባት ተረፍን አልኩ።

የማርቆስ እናት በር ላይ ስንደርስ ግን ስድስት ሴቶች ቀድመውናል። ስድስቱም ቢላዋቸውን በኮባ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። ለካ እኔ ስለ አንዱ ቢላዋ ስብሰለሰል ሌሎቹን ረስቻቸዋለሁ።

ወደ ጋሽ ጦና ሮጥኩ። አጥሩ አጠገብ በበትራቸው ተደግፈው ቆመዋል። «ጋሽ ጦና፣ የግብርናው ልጅ ያለውን ረሱት እንዴ? ቢላዎቹን ያስቁሟቸው» አልኳቸው።

እሳቸው አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «አልረሳሁም፣ ልጄ። አንቺ አይደለሽ የተረጎምሽልን? ግን እርቁ ገና የአንድ ቀን ልጅ ነው። አሁን በር ላይ ቆሜ ቢላዋሽን አሳዪኝ፣ አንቺ ግቢ፣ አንቺ ተመለሺ ብል፣ ነገ ማን ከማን ጋር ይቀመጣል?»

«ጓሮውስ?»

«ጓሮው የእግዚአብሔር ነው» አሉኝና በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እሳቸውም ፈርተው ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ይገባኛል።

የቀረኝ ባለቤቷ ናት። የማርቆስ እናት የጓሮውን በር ከፍታ ሴቶቹን አንድ በአንድ እየሳመች ታስገባለች። ፊቷ ሄጄ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ። እሷም ዓይኔን ትክ ብላ አየችና፣ ከጎኗ የተቆረጠ ኮባ አንሥታ በሁለት እጄ አስታቀፈችኝ። «ነይ፣ አስቴር፣ ይህን ውስጥ አንጥፊልኝ» አለች። ኮባውን ታቅፌ ገባሁ። ሳነጥፍ እናቴ የመጀመሪያውን እንሰት ስትቆርጥ ሰማሁ። ከዚያ ሴቶቹ መዝሙር ጀመሩ፤ ስድስቱም ቢላዎች አብረው ይሠሩ ጀመር።

የዚያ ዓመት ጊፋታ ልጅ ሁሉ ሙቹዋ በላ። አባቴም ከአዋሽ መጥቶ ነበር። እኔም በላሁ፤ ጣፈጠኝ። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ አልዋጥልሽ ቢለኝ ምን ነበረበት።

በጥር ስመጣ የማርቆስ እናት ጓሮ ላይ ቢጫው ወጥቷል፤ የመጀመሪያው እናቴ የቆረጠችበት ጥግ አጠገብ ያለው ነው። የማርቆስ እናት ነቅላ ቀበረችው፤ በሳምንቱ ሦስት ሆኑ። በሰኔ ጓሮው አለቀ። ለማንም የሚሆን ችግኝ አልተረፈም። ሌላው ሰው፣ እናቴም ጭምር፣ ነፋሱ አመጣው ብሎ ተቀበለ።

ከዚያ ወዲያ ያለው የበቆሎ ዘመን ነው። በቆሎ ቂጣ፣ በቆሎ ንፍሮ፣ ጎመን ከተገኘ በቆሎ በጎመን፤ እሱም እስከ የካቲት። መጋቢትና ሚያዝያ ግን የሚጠብቀን ነገር በጓሮ አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ በሁለተኛው ዓመት እግሩ አበጠ፣ ፊቱ አበጠ፣ ፀጉሩ ቀላ። እናቴ ያን ጊዜ በወባ ወድቃለች፤ እኔ ሶዶ ነኝ። ወንድሜን በጀርባዋ አዝላ እስከ በሌ ጤና ጣቢያ ሁለት ሰዓት የሄደችው የማርቆስ እናት ናት። አብራው ሦስት ሳምንት ተኛች። ተርፏል፤ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ሁለቱ ሴቶች እስከ መጨረሻው አልተለያዩም፤ አንዷ ቤት ድስት ካልተጣደ የሌላዋ ድስት ለሁለት ይከፈል ነበር።

እናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ስታርፍ፣ ለቅሶው ላይ የማርቆስ እናት ከጎኔ አልተነሣችም። አርጅታለች፣ ጥርሷ አልቋል። በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያን ጠዋት ደጄ ላይ ምን ልትዪኝ እንደነበር አውቃለሁ» አለችኝ።

ፊቴን ወደ እሷ አዞርኩ።

«የግብርናው ልጅ ሲናገር እኔም ነበርኩ። ካንቺ አፍ ነው የሰማሁት፤ ደህና አድርገሽ ነው የተረጎምሽው።»

«ታዲያ ለምን ከፈቱላቸው?» አልኳት። ድምፄ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። «የሁላችን ችግኝ ነበር እኮ።»

«አንቺ ከተማ ነበርሽ። ያን ዓመት ሴቶቹ ውሃ ላይ ስደርስ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዱ ነበር። ማርቆስን እሳት ጫር ብዬ ስልከው ፍሙን እያየ ጠፍቷል ብለውት ይመለሳል። ብቻውን የቆመ እንሰት ያጠግባል፤ አያኖርም።» ነጠላዋን አስተካከለች። «በር ላይ አፍሽን ስትከፍቺ ደነገጥኩ። ተናግረሽ ቢሆን እናትሽ ቢላዋዋን ጥላ ትመለስ ነበር። ዳግመኛም አትመጣም ነበር። ለዚያ ነው ኮባውን ያስያዝኩሽ።»

ሠላሳ ዓመት የዋጥኩት ያኔ ገነፈለብኝ። «ቢላዋውን ከአክስቴ ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«እሱንም አውቃለሁ» አለች። «ቢላዋ እግር የለውም።»

«እማዬስ ታውቅ ነበር?»

«እናትሽ? አታውቅም። እኔ እያለሁ ማን ይነግራታል?» አለችና ወደ በሩ አየች፤ አዲስ ለቀስተኛ እየገባ ነበር።

እሷም ካረፈች ቆይታለች። ባለፈው ሳምንት ከአዳራሹ ወጥቼ በባጃጅ ወደ ቤቴ ስመለስ ስለ እሷ ነበር የማስበው። ጎበዝ ናት እንዳልል ጓሮው የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ወንድሜ ያበጠው እንሰት ስላጣ ነው። ተሳስታለች እንዳልል ደግሞ ወንድሜን ያዘለችው እሷ ናት፤ እርቁ ባይኖር ማን ያዝለው ነበር? ነገሩን ከየትም ብጀምረው እዚያው ይመልሰኛል። ሰው ሲያስተምር የኖረ አፍ አለኝ፤ አሁን ስናገር አዳራሽ ሙሉ ሰው ያዳምጠኛል፣ ያን ጊዜ ያልነበረኝ ድምፅ ዛሬ አለኝ። ያ ጠዋት ቢመለስና በዚያ በር ላይ ብቆም ግን፣ እጮህ እንደሆነ ወይስ ኮባዬን ታቅፌ ዝም ብዬ እገባ እንደሆነ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላውቅም።